አመድ ውስጥ የተኛው ብረት

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮች አንድ አባባል አላቸው። ሠርግ የተጣደፈ እንደሆነ፣ ግድግዳ ሳይደርቅ ቀለም የተቀባ እንደሆነ፣ ዕርቅ ለይሉኝታ ብቻ የተፈጸመ እንደሆነ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይናገሩታል። ዛሬ ዛሬ መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ይጠቅሰዋል፤ ከአባባሉ በስተጀርባ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ፣ ሃያ ቢዶን ወተትና አንድ የቸኮለ ሰው መኖራቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

የቸኮለው ሰው እሸቴ ይባላል። ፒክአፗ በናፍጣ የምትሠራ፣ ቱርቦ የሌላት፣ ሜዳ ላይ ጨዋ፣ ዳገት ላይ ግን አስታማሚ የምትሻ መኪና ነበረች። በዚሁ መንገድ ባለው ሐረጎ ዳገት ላይ ጭነት የያዙ አህዮች ሰላምታ ሰጥተዋት ያልፋሉ እየተባለ ይቀለድባት ነበር። እሸቴም አብሮ ይስቅ ነበር፤ የወተት አምራቾች ማኅበር መኪና እፈልጋለሁ እስካለበት ቀን ድረስ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወይዘሮ ጦይባ ነገሩን በአጭሩ አስረዱት።

«ወተቱ ከዚህ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደሴ ይገባል። ሆቴሎቹ ለቁርስ ይጠብቁታል። የዘገየ እንደሆነ ወተቱ ጠባዩን ይለውጣል።»

«እርጎ ቢሆንስ ይጠላል እንዴ፣ እትዬ ጦይባ?»

«እርጎ መሸጥ ካማረህ ሱቅ ክፈት። ቅዳሜ ትሞከራለህ። መኪናህ ከወጣች ሥራው የአንተ ነው፤ ካልወጣች ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

እሸቴ ሳቁን ዋጠው። ይህ ሥራ ካመለጠው ፒክአፗን ሸጦ በሰው መኪና ላይ ወደ ተቀጣሪ ሾፌርነት መመለሱ ነበርና፣ ከማኅበሩ ግቢ እንደ ወጣ በቀጥታ ወደ በያጁ እንድሪስ ጋራዥ አመራ።

እንድሪስ ከአንጥረኛ ቤተ ሰብ የተወለደ ብልህ ሰው ነው። አባቱ ጋሽ ሙሄ ዕድሜ ልካቸውን ማረሻና መጥረቢያ ሲቀጠቅጡ ኖረው፣ አሁን ጋራዡ በር ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን ሥራ ይቃኛሉ። እንድሪስ ከተገለበጠ የጭነት መኪና የተረፈ ደኅና ቱርቦ ነበረው። ቱርቦ ማለት ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ጉልበት እየተሽከረከረ፣ ለሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚግት ነገር ነው። የጎደለው ማኒፎልዱ ነበር፤ ከአራቱ ቀዳዳዎች የሚወጣውን ጭስ በአንድ ጉሮሮ ሰብስቦ ለቱርቦው የሚያቀብለው፣ ቱርቦውንም ተሸክሞ የሚይዘው ብረት። ፋብሪካ የሠራውን መግዛት የማይታሰብ ስለ ነበረ፣ እንድሪስ ከፈረሰ የእንፋሎት መስመር ወፋፍራም ክርን ቧንቧዎችን ለቃቀመ፤ ጣት የሚያህል ውፍረት ካለው ላሜራ ደግሞ ከሞተሩ ጋር የሚገጥመውን ሰሌዳ ቆረጠ። ሰሌዳው በእሳቱ እንዳይጣመም ከአንድ አሮጌ የሞተር ራስ ጋር በቡሎን ጠፍሮ፣ ዐርብ ረፋዱ ላይ የመጨረሻውን ብየዳ ጨረሰ። ከዚያም ሁሉንም እንደ ታሰረ ከዳቦ ቤት ባስመጣው ትኩስ አመድ ውስጥ ቀበረው።

«ምነው፣ ሊሞት ነው እንዴ የምትቀብረው?» አለ እሸቴ።

«ሊተኛ ነው» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ብረት ሲጋል ይቆጣል፤ ቁጣው በቀስታ ካልበረደ ቂም ይይዛል።»

«እስከ አሥር ሰዓት አትንካው። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ገጥመን እንጨርሳለን» ብሎ እንድሪስ እጁን ታጠበና፣ አባቱን አስከትሎ ለጁምዓ ወደ መስጊድ ሄደ።

እሸቴ ብቻውን ቀረ። አመዱን አየ፤ ፀሐይዋን አየ፤ ሳትሞከር ነገ ጠዋት በወይዘሮ ጦይባ ፊት የምትቆም መኪናውን አሰበ። አሥር ሰዓት ድረስ መጠበቅ ማለት ዳገቱን አንዴም ሳይሞክር ማደር ነበር። በመጨረሻ አመዱን በአካፋ ገለጥ አደረገና አንድ ባልዲ ውኃ ቸለሰበት። ብረቱ ሽው ብሎ ጮኸ፤ እንፋሎቱ ፊቱን ጋረደው። ከጩኸቱ ውስጥ አንዲት ቀጭን ድምፅ፣ ጢቅ ያለች፣ ለጆሮው ደረሰች። እሸቴ ያልሰማ መሰለ። ብረቱን በጨርቅ ወለወለ፣ የረጠበውን አመድ አውጥቶ ደፋ፣ ቡሎኖቹንም ፈታ።

እንድሪስ ሲመለስ ማኒፎልዱን ዳሰሰና ተደነቀ። «ቀዘቀዘ?»

«በራሱ ጊዜ ነው የቀዘቀዘው።»

«ለአንተ አድልቷል ማለት ነው» አለ እንድሪስ። ጋሽ ሙሄ ግን የተደፋውን አመድ አይተው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ሳይመሽ ገጠሙት፤ እሸቴም ከከተማው ወጣ ብላ ያለችውን አጭር አቀበት ሞክሮ እየዘፈነ ተመለሰ።

ቅዳሜ ጠዋት ሃያው ቢዶን ተጫነ። እንድሪስ ከወተቱ ጋር ከኋላ ወጣ፤ ወይዘሮ ጦይባና ደሴ ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ የፈለጉት ጋሽ ሙሄ ከፊት ተቀመጡ። ፒክአፗ የሐረጎን ዳገት እንደ ወጣት ፍየል ተያያዘችው። አህዮቹን አለፈች፤ አንድ አውቶቡስም አለፈች። ወይዘሮ ጦይባ ሰዓታቸውን አይተው ፈገግ ማለት ሲጀምሩ፣ ከሞተሩ ውስጥ ቡልኮ ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ጉልበቷ ተሟጠጠ፤ ጥቁር ጭስ መስተዋቱን ሸፈነው፤ ከታላቁ ኩርባ ሥር ቆመች።

ቀድመውት ያለፉት አውቶቡስ ደረሰና ሾፌሩ እየሳቀ ወተቱን ጣራው ላይ ጫነላቸው። ወተቱ ዳነ። የእሸቴ ነገር ግን ገና ነበር። እንድሪስ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ፣ በብየዳው ዳር ፀጉር መስሎ ተነሥቶ እስከ ሰሌዳው የወረደውን ስንጥቅ አገኘ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«በሠራሁት ብየዳ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም» አለ።

ወይዘሮ ጦይባ ወደ አውቶቡሱ እየሄዱ ዘወር አሉ። «እንድሪስ፣ የማኅበሩን የቢዶን መደርደሪያ ላሠራህ ነበር። እግዜር ያሳይህ፣ ሃያ ቢዶን የሚሸከም ነገር እንዲህ ቢሰነጠቅ ምን ይውጠናል? ሌላ በያጅ እፈልጋለሁ።»

ጋሽ ሙሄ ስንጥቁን አጎንብሰው አዩ፤ ቀና ሲሉ ዓይናቸው እሸቴ ላይ አረፈ። እሸቴ ዝም ካለ ጥፋቱ በእንድሪስ ላይ ይቀራል፤ ምናልባትም ለራሱ ሌላ ዕድል ይለምናል። ከተናገረ ደግሞ ሥራው በዚያው ኩርባ ላይ ያበቃል። ያቺ ጢቅ ያለች ድምፅ መልሳ ጆሮው ውስጥ ጮኸች።

«እትዬ ጦይባ፣ ብየዳው እንከን አልነበረውም» አለ። «ትናንት እነ እንድሪስ ጁምዓ ሄደው ሳሉ ውኃ ያፈሰስኩበት እኔ ነኝ። ሲሰነጠቅም ሰምቻለሁ።»

እንድሪስ መፍቻውን አስቀመጠ። «ዋሸኸኝ?»

«ዋሸሁህ።»

የአውቶቡሱ ሾፌር ጥሩንባውን ነፋ። ወይዘሮ ጦይባ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ እንዳሳረፉ ቆሙ። «ወተትን ከውኃ ቀላቅሎ ከሚያመጣልኝና አልቀላቀልኩም ብሎ ከሚምል ሰው ጋር ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ» አሉ። «ቀላቅያለሁ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራውን ለሌላ አልሰጥም። እንድሪስ፣ መደርደሪያው የአንተ ነው።»

በዚያው ሳምንት እንድሪስ አዲስ ማኒፎልድ በየደ። አመዱን ከዳቦ ቤት ያመጣው እሸቴ ነበር፤ ብረቱን የቀበረውም እሱ፤ ቀኑን ሙሉ ጎኑ ተቀምጦ፣ መንካት ሲያምረው እጁን ኪሱ የከተተውም እሱ። ቅዳሜ ፒክአፗ ሃያውን ቢዶንና ያለፈውን ሳምንት መንገደኞች ጭና አህያውንም አውቶቡሱንም አልፋ ወጣች፤ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው ደሴ ገባች። ሆቴሉ በር ላይ ወይዘሮ ጦይባ የእሸቴን ትከሻ መታ አደረጉና፣ «ሰኞ አንድ ሰዓት» ብቻ አሉት። እሸቴ ዕንባውን ለመደበቅ የመኪናዋን ጎማ መርገጥ ጀመረ።

በዚህ መካከል፣ ዳገቱ ላይ የተቀደመ አንድ የሌላ ፒክአፕ ሾፌር እያለከለከ ደረሰና፣ የማን ሥራ እንደሆነ ጠይቆ እንድሪስን ክንዱን ያዘው። «ወንድሜ፣ ለእኔም እንዲህ ያለ ሥራልኝ። ችኩል ነኝ፤ ለነገ ይደርሳል?»

እንድሪስና እሸቴ ተያዩና ሳቁ። መልሱን የሰጡት ግን ከመኪናዋ በእርጋታ የወረዱት ጋሽ ሙሄ ነበሩ፤ የሰውዬውን እጅ ከልጃቸው ክንድ ላይ በለሆሳስ አላቅቀው፣ «ልጄ፣ በውኃ የበረደ ብየዳ ዳገት ላይ ይናዘዛል» አሉት።