የአገሬው ሰው የሚያድርበት ኮረብታ

አንድ ነጋዴ ነበረ፤ ደገኛ። ጋሼ ደምለው፣ «ሰው አገር ሄጄ በጤና ለመመለስ ዋናው ነገር ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀውኝ የለ? የዚህን ሰው ነገር ላውጋዎት፤ መልሱ እዚያ ውስጥ አለ።

ነጋዴው ከጓደኞቹ ጋር በቅሎ ጭኖ ድንበር ተሻገረና ቆላ አገር ወረደ። ሊመሽ ሲል ከአንድ ወንዝ ዳር ደረሱ። ሣሩ ለምለም፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ። ጓደኞቹ «እዚሁ ነው የምናድረው!» አሉ። ደገኛ መቼስ ውሃና ሣር ካየ ሌላ አይጠይቅም።

እሱ ግን ጭነቱ ሳይወርድ ቆም ብሎ አየ። የአገሬው ሰው ሰሌኑን ተሸክሞ፣ ከወንዙ እየሸሸ፣ ሣር የማይበቅልበት ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ይወጣል። አንዲት ባልቴት ስታልፍ በገበያ ቋንቋ ጠየቃት።

«እናቴ፣ ይህን የመሰለ ሜዳ ትታችሁ ወዴት ነው?»

«እዚህ ያደረ ንዳድ ይዞት ነው የሚነሣው፤ ትንኙ አይጣል ነው!»

«ታዲያ ምነው ዝም አላችሁን?»

«እንግዳ ማረፊያውን ከመረጠ በእኛ ዘንድ አይከለከልም። ከጠየቀ ግን ይነገረዋል።»

ጓደኞቹ ሣቁበት። የገዛ ታናሽ ወንድሙ ሳይቀር፣ «ጅብ ያልፈራ ሰው ከትንኝ ሊሸሽ! ውጣ እንግዲህ ዳገትህን» አለው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው፦ አልተቆጣም፣ አልተከራከረም፣ ወንድሙንም ጥሎ አልሄደም። ዝም ብሎ የመሪዋን በቅሎ ልጓም ይዞ ዳገቱን ጀመረ። መሪዋ ከሄደች ሌሎቹ መቼ ይቀራሉ? ተከተሏት። ባለቤቶቹም እየተራገሙ ጭነታቸውን ተከተሉ፤ ድንጋይ ላይ ሲገላበጡም አደሩ።

ነግደው ሲመለሱ በዚያው ሜዳ ሌሎች ደገኞች ሰፍረው አገኙ። ግዙፍ ግዙፍ ወንዶች፣ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ። ወንድምየው ከበቅሎው ወረደና አንዱን በሽተኛ አሳፍሮ በእግሩ መንገድ ገባ።

እና ጋሼ፣ ያቺ ባልቴት የሌለችበት አገር የለም፤ ካልጠየቋት ግን አትናገርም። እርስዎም እዚያ ሲደርሱ ጉልበትዎን አይመኑ። የአገሬው ሰው የቱን ውሃ እንደሚጠጣ፣ ምኑን ሳያበስል እንደማይበላ፣ ሲመሽ በየት በኩል እንደማያልፍ ይጠይቁ። ይሥቁብኛል ብለው ነው? ይሣቁ! ነጋዴውም ተሥቆበት ነው ወንድሙን በደኅና አገሩ ያስገባው።