ለመኪናዋ የተሠሩ ክፍሎች

አንድ አሮጌ መኪና የተሰጠው ሰው ነበረ።

መምህር ሀብተየስ ምሳሌያቸውን የጀመሩት እንዲህ ነው። ጠያቂያቸው ታረቀኝ የሚባል ወጣት ቀያሽ ነበር፤ ከቤቱ ርቆ በመንገድ ሥራ ካምፕ መኖር ከጀመረ አራት ዓመት ሆኖታል። ጥያቄውም ይህ ነበር፦ «መምህር፣ የምሠራው ለሠርጌ ብዬ ነው። ታዲያ በሠራሁ ቁጥር ሠርጉ ለምን ይርቀኛል? አሁን ደግሞ ሦስተኛ ውል አቅርበውልኛል፤ የሁለት ዓመት ነው። ልፈርም ወይስ ልተወው?» መምህሩ ፈርምም ተውም አላሉትም። ወንበራቸውን ከፀሐዩ ወደ ጥላው ሳብ አደረጉና ስለዚያ ሰው ይነግሩት ጀመር።

መኪናዋን የሰጡት አማቱ ናቸው። ሁለት በር ያላት፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ከኮፈኗ ሥር ባለ ስምንት ፒስተን ሞተር የተሸከመች የአሜሪካ መኪና ነበረች። አማቱ በጉልምስናቸው አገር ለቆ ከሚሄድ መሐንዲስ ገዝተዋት፣ ቆላ ውስጥ ባለችው የሐይቅ ዳር ከተማቸው ብዙ ዓመት ነዷት። በመጨረሻ መለዋወጫ ጠፋና ቆመች፤ ዶሮዎች ገብተው እንቁላል ይጥሉባት ጀመር። ሴት ልጃቸውን የዳሩ ዕለት ሙሽራውን በክንዱ ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱትና አሳዩት።

«ይቺን አስነሣና ልጄን በእሷ አምጣልኝ» አሉት። «ክላክስ አታስጮህ። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ በድምፅዋ አውቃታለሁ።»

ሰውየው በጭነት መኪና አስጭኖ ደጋ ወዳለው ግቢው አመጣት። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ደመወዙ ከአስቤዛ የሚተርፍ አልነበረም። ግቢው ግን ከወላጆቹ የወረሰው፣ ባለ ሁለት ተካፋች የብረት በር ያለው ሰፊ ግቢ ነው። መኪናዋን ከጓሮ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በአራት ድንጋይ ላይ አቆማት።

አሠራሩ የዝግታ ነበር። አንድ ብሎን ሲፈታ በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ያስቀምጥና ከየት እንደወጣ ጣሳው ላይ ይጽፋል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ በእጁ ይፈገፍጋል፤ ለቀዳዳው የሚሆን ላሜራ ቆርጦ ራሱ ይለጥፋል። ለባለ ጋራዥ የሚከፍለው ስላልነበረው ሁሉን በገዛ እጁ ተማረው። ራሱንም ስለማያምን አንዱን ሥራ ሦስት ጊዜ ይሠራዋል። የቫልቮቹን ክፍተት፣ ያንን ከፀጉር የቀጠነውን፣ ለክቶ ይጨርስና «ተሳስቼ ቢሆንስ?» ብሎ በማግሥቱ እንደገና ይለካዋል።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሚስቱ ትመጣና ከጎኑ ትቀመጣለች። መኪናዋ ገና ወንበር አልነበራትም፤ ሁለት የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ነበር የሚቀመጡት። እሱ መሪውን ይይዛል።

«የት ደረስን?» ትለዋለች።

«ድልድዩን አለፍን።»

«ቲማቲም ሻጮቹ ጋ አቁም እንጂ!»

«ስንመለስ።»

«ሁሌ ስንመለስ ትላለህ። ተመልሰን እናውቃለን?»

«መስኮቱን ዝጊው፤ አቧራ ነው።»

መስኮቱ መስታወት የለውም፤ እሷ ግን የሌለውን እጀታ ታዞራለች። ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ብርዱ ከትከሻቸው ላይ ይወርዳል፤ አየሩ ሞቅ ይላል፤ ግራሮቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ ሐይቁ ከሩቅ፣ ከመሬት ይሁን ከሰማይ ሳይለይ፣ ነጭ ሆኖ ይታያል። አንዳንድ ቀን እሷ ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ ታንቀላፋለች። እሱም እንዳትነቃበት መንገዱ ላይ ያለውን ጉድጓድ ቀስ ብሎ ያልፈዋል።

እንዲህ እየሄዱ ዓመቱ አለፈ። ካርቦራቶሩ ግን በሕልም አይገዛም። ሰውየው አሰበና በአጥሩ ጥግ አንድ የብሎኬት ክፍል ሠርቶ ለአንዲት ነርስ አከራየ። ኪራዩ ካርቦራቶሩንና የፒስተን ቀለበቶቹን ገዛለት። ጥሩ ክፍል ነበረች። ቀጥሎ ጎማ፣ ፍሬን፣ ባትሪ አስፈለገው። ከመጀመሪያው ክፍል አጠገብ ሁለተኛ ሠርቶ ለአንድ ጡረተኛ አከራየ። ይህም ጥሩ ክፍል ነበረች፤ መኪናዋን ከድንጋዮቹ ላይ አውርዳ በእግሯ አቆመቻት።

በአራተኛው ዓመት አንድ እሑድ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሳል ሳል አለ፤ ጭስ ተፋ፤ ከዚያ ድምፁ ወጣ። ወፍራም፣ ከመሬት ሥር የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ነበር። የጥላው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ነርሷ ሳሙናዋን እንደያዘች ወጣች። ጡረተኛው «በስመ አብ! ታንክ ነው እንዴ ያከራየኸን?» አለ። ሚስቱ እየሮጠች መጣች።

«እንሂድ!» አለችው። «አሁኑኑ እንሂድ!»

«በዚህ መልኳ?» አለ። ገላዋ ግማሹ ግራጫ፣ ግማሹ ቡና ዓይነት ነበር፤ ቀዳዳ የተደፈነበት ስቱኮ እዚህም እዚያም ተለጥፏል፤ መከላከያዋ ዝጓል። «አባትሽ ምን ይሉኛል? ቀለም ትቀባ፤ መከላከያዋም ኒኬል ይነከር።»

«አባዬ የጠየቀህ ድምፅዋን ነው።»

እውነቷን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ግን እነዚያ ሽማግሌ እጃቸውን በተለጠፈው ላሜራ ላይ ሲያሳልፉ፣ አንዲት ያልተስተካከለች ቦታ ላይ ጣታቸው ሲቆም ታየው፤ ፊቱ በእፍረት ጋለ። ስለዚህ ለቀለሙና ለኒኬሉ ብሎ ሦስተኛ ክፍል ሠራ። ከጓሮው ወዲህ የቀረው ባዶ ቦታ በሩ አጠገብ ያለው ብቻ ነበር። ከሁለቱ ተካፋቾች አንዱን በበያጅ አዘጋው፤ የክፍሉን ግድግዳ አስደግፎት አቆመ፤ ለአንድ ልብስ ሰፊም አከራየው። የቤቱ ሰው ሁሉ በቀረው ተካፋች ይገባል፣ ይወጣል፤ ማንም አልጠበበውም።

ቀለሙ ጊዜ ፈጀ። ቀብቶ ካልወደደው ፍቆ ያነሣዋል፤ ለሌላው ቆርቆሮ ቀለም ኪራዩን ይጠብቃል። ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል የሚስቱ እኅት ደወለች። «የአባዬ አንድ ጆሮው አይሰማም» አለች። «ሁለተኛውም እየከዳው ነው። የምትመጡ ከሆነ ቶሎ ኑ።» ሰውየው ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ፤ ቀሪውን በሦስት ሳምንት ጨረሰው። መኪናዋ እንደ ጥልቅ ውኃ ጥቁር ሰማያዊ ሆነች።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን በአንገቱ እንዳንጠለጠለ ወጥቶ ዞር ዞር ብሎ አያት።

«ወንድሜ፣ አማረችልህ» አለው። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። በክንፍ ነው የምታወጣት?»

ሰውየው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ የመኪናዋን ስፋት ለካ። «ወገቧ መቶ ሰማንያ ስድስት» አለ። ሄዶ በሩን ለካ። «ይሄ ደግሞ መቶ አርባ። ልጅቷ ሙሉ ናት፤ ቀሚሱ አልበቃትም።» ይህን ካለ በኋላ መንገዱን ያጠበበው የማን ክፍል እንደሆነ ትዝ ቢለው አፉን በእጁ ያዘ። «ወይ ምላሴ! በገዛ ቤቴ ላይ ነው እንዴ የምፈርደው?»

ሰውየው ሜትሩን ተቀብሎ ራሱ ለካ። ሦስት ጊዜ ለካ። መቶ ሰማንያ ስድስት። መቶ አርባ። ከፀጉር የቀጠነ ክፍተት ሲለካ የኖረ ሰው ይህን አንድ ክፍተት ለክቶት አያውቅም ነበር። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። መኪናዋ በልቡ ውስጥ በየቀኑ ሐይቁ ድረስ ደርሳ ትመለስ ስለነበር፣ በግቢው ውስጥም መንገድ እንደሚያስፈልጋት ረስቶ ነው።

በዚያ አመሻሽ እንደ ልማዳቸው ገብተው ተቀመጡ። አሁን ወንበሩ የእውነት ነው፤ መስታወቱም አለ።

«የት ደረስን?» አለችው።

እጁን ከመሪው ላይ አነሣ። «ከግቢያችን አልወጣንም» አላት።

እሷም «ስድስት ዓመት ነድተን?» አለች።

«ስድስት ዓመት ነድተን።»

«እንግዲያው እንውረድ» አለችና በሩን ከፍታ ወረደች።

በማግሥቱ ሰውየው ልብስ ሰፊውን «ክፍሉን ላፈርሰው ነው፤ ሳሎናችንን ውሰድ፤ ለእኛ መኝታ ቤቱ ይበቃናል» አለው።

«ኪራዩስ?»

«ሌላ ቤት እስክታገኝ አትከፍልም።»

«እንዲህ ከሆነማ አንዱን መዶሻ ለእኔ ስጠኝ» አለ ልብስ ሰፊው፤ መጀመሪያ ግን የስፌት መኪናውን በሁለት እጁ አቅፎ አወጣ።

ሰውየው መኪናዋን ጠጋ አድርጎ በብርድ ልብስ ሸፈናትና በገዛ እጁ የገነባውን ግድግዳ በገዛ እጁ መታ። ብሎኬቱ ሲወድቅ አንድ ስባሪ ተፈናጥሮ ብርድ ልብሱን ቀደደና ኮፈኗን ጫረ። ድሮ ቢሆን ያን ጭረት ሲያይ አንድ ሳምንት አይበላም ነበር። አየው፤ መዶሻውንም እንደገና አነሣ። እስከ ቀትር ክፍሉ ፈረሰ፤ የተበየደው ተካፋች ተላቀቀ፤ መኪናዋ ወጣች።

ሚስቱ ቲማቲም ሻጮቹ ጋ አስቆመችው። ቁልቁለቱን ወረዱ፤ ግራሮቹ እውነተኛ ሆነው ወደ ኋላ ሸሹ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ግን መንገዱ ዳር የቆመ ሰው አልነበረም። አማቱ ከግቢያቸው ውስጥ፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀምጠው ነበር። መኪናዋ ያን ሁሉ ድምፅ ይዛ ከኋላቸው ገብታ ስትቆም ዞር አላሉም። ልጃቸው ትከሻቸውን ነካቻቸው።

ተነሡ። መኪናዋን አዩ። ሁለቱን መዳፎቻቸውን ከሚሠራው ሞተር በላይ፣ በኮፈኗ ጭረት ላይ፣ አሳረፉ። ንዝረቱ በክንዳቸው ወደ ላይ ሲወጣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እሷ ናት» አሉ። ከዚያ አማቻቸውን ጠየቁት፦ «መቼ ተነሣች?»

ሰውየው መዋሸት አያውቅም ነበር። «የዛሬ ሁለት ዓመት» አለ። አልሰሙትም። ጮክ ብሎ ደገመው። አሁንም አልሰሙትም። በሦስተኛው ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ፤ «የዛሬ ሁለት ዓመት!»፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማው።

መምህር ሀብተየስ እዚህ ላይ ወደ ታረቀኝ ዞሩ።

«ልጄ፣ መኪናዋ ሠርግህ ናት፤ ክፍሎቹም ውሎችህ ናቸው። በመጀመሪያው ውል ቤት ያዝክ፤ ያ ክፍል የግድ ነበር። በሁለተኛው ዕቃውን አሟላህ፤ ያም ቢሆን ያስመሰግንሃል። ሦስተኛው ለምንድን ነው?»

«ለአዳራሹ» አለ ታረቀኝ። «ለአራት መቶ ሰው።»

«አራት መቶ ሰው ይጠራ ያለችው እጮኛህ ናት?»

ታረቀኝ መሬት መሬት አየ። «እሷማ በሐምሌም ቢሆን፣ ጃንጥላ ይዘንም ቢሆን እንጋባ ነው ያለችው።»

«መቼ?»

«አምና።»

«ለምን ይርቀኛል አልከኝ» አሉት መምህሩ። «አልራቀህም፤ በግቢህ ውስጥ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ለምንወደው ነገር ብለን የምንሠራው ሥራ መልካም የሚሆነው ያ ነገር የሚወጣበትን በር እስካልያዘበት ድረስ ነው። ሦስተኛው ክፍል የሚቆመው በሩ ላይ ነው፤ የሚቆመውም ለቀለም ነው። ያ ሰው የገነባውን አፍርሶ፣ ኪራዩን አጥቶ፣ ሳሎኑን ለቆ ነው የወጣው፤ ያም ሆኖ ዘግይቷል። አንተ ግን ገና አልገነባህም። የሚጠበቅብህ እጅህን ከብዕሩ ላይ ማንሣት ብቻ ነው።»