«ይህ» የተባለው ታካሚ

በእኛ የፕሮግራም መሥሪያ ቤት፣ አንዱ የጻፈው ትእዛዝ አልታዘዝ ሲለው ስለ ጋብቻ ሽማግሌ የሚናገር አባባል ይወረወርበታል። አዲስ ገቢዎች ግራ ይጋባሉ። ሽማግሌንና ኮምፒዩተርን ያገናኘው በአንድ የዐይን ሕክምና ማእከል የደረሰ ድንጋጤ ነው።

የማእከሉን የተራ መጥሪያ ስክሪን የሠራችው ባልደረባችን ማዕዶት ነበረች። ጃቫስክሪፕት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ባለው በየታካሚው ካርድ ውስጥ «የዚህን ስም ጥራ» የሚል ትእዛዝ አኖረች። ካርዱ ራሱ ሲያስነሣው ትክክለኛው ስም ይወጣ ነበር። በሙከራው ዕለት ሲስተር እጅጋየሁ የተባለች ነርስ «ስሙ ትንሽ ቆይቶ ይጠራ፤ ታካሚው ይዘጋጅ» አለቻት። ማዕዶትም ትእዛዙን ከካርዱ ነጥላ ጊዜው ሲደርስ እንዲያስነሣው ለኮምፒዩተሩ ሰዓት ቆጣሪ ሰጠችው። መልሳ አልሞከረችውም። በስክሪኑ ገጽ ላይ ደግሞ ማለዳ ለሙከራ ያስገባችው የሌላ ታካሚ፣ የአቶ ውብሸት ስም ሳይጠፋ ቀርቷል።

ተራው የወይዘሮ ደብሪቱ ነበር። ስክሪኑ ግን «አቶ ውብሸት፣ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል» አለ። አቶ ውብሸት ማለዳ ቀኝ ዐይናቸው ታክሞ በፋሻ የተሸፈነ አዛውንት ናቸው። ተነሥተው ገቡ። ሲስተር እጅጋየሁ የደረሰችው ግራ ዐይናቸው ላይ ማደንዘዣ ሊጨመር ሲል ነው።

«ኧረ በማርያም! እኚህን አባት ማን ጠራቸው?»

«ተጠራሁ፣ መጣሁ» አሉ አዛውንቱ። «ደኅናዪቱንም ልትወስዷት ነው እንዴ?»

ማዕዶት የጻፈችውን እዚያው አብረዋት ለነበሩት ለአለቃችን ለጋሽ ገላጋይ አሳየች። «ይዩት ጋሼ! የጻፍሁት በወይዘሮ ደብሪቱ ካርድ ውስጥ ነው። ‹ይህ› ካልሁ ከእሳቸው ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?»

«መጻፉንስ እዚያ ጽፈሽዋል። ያስነሣው ማን ነው?»

«ሰዓት ቆጣሪው።»

«እንግዲያ ‹ይህ› የተጻፈበትን ቦታ አያስታውስም፤ የሚያየው ያስነሣውን ነው። ከካርዱ ስትነጥዪው ባለቤት አጣና በገጹ ላይ ያገኘውን ስም አነሣ።»

ማዕዶት ወደ ኮምፒዩተሩ ተመለሰች። ትእዛዙን ከየካርዱ ጋር መልሳ አሰረችው።

አቶ ውብሸት አጠገባቸው ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆይተው «ይህማ የእኔ ሥራ ነው» አሉ። «ስንት ቤት ሽማግሌ ተልኬ ‹ልጃችሁን ለልጃችን› ብያለሁ! ቃሉ ያው ነው፤ ‹ልጃችን› የምለው ልጅ ግን እንደ ላኪዬ ይለዋወጣል። ሳልላክ ብሄድማ የማንን ልጅ ልድር ነው?»

ከዚያም ደኅናዪቱን ዐይናቸውን በመዳፋቸው እንደ ከለሉ ወደ ማዕዶት ዞረው እንዲህ አሉ፦ «አይዞሽ ልጄ፤ የሽማግሌን ልጅ፣ ፈልግ ከላኪው ደጅ።»