አልሞቅ ያለው ቧንቧ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ደመና ከሰው ደጃፍ በሚያድርበት፣ ሣሩ በማለዳ ነጭ ሆኖ በሚነሣበት ደጋ ላይ አንዲት ተጎታች ቤት ቆማ ነበር። ውስጧ የወላዶች አልጋ አለ። በግድግዳዋ ዙሪያ ደግሞ ደጅ ካለ ማሞቂያ የሚመጣ ትኩስ አንቲፍሪዝ፣ በውርጭ የማይረጋ ፈሳሽ፣ የሚዞርበት ቧንቧ ተዘርግቷል። አዋላጇ ሲስተር ይርገዱ ትባላለች። አልጋው ላይ ፋንቴ የምትባል ወላድ፣ ያለ ጊዜዋ የመጣች እፍኝ የማትሞላ ልጅ ታቅፋ ተኝታለች። ይርገዱ የፈለገችው አንድ ትንሽ ነገር ነበር፤ ሕፃኗ እንድትጠባ።

ሕፃኗ ግን አልጠባ አለች። እግሯ በረዶ ነው። ይርገዱ ከእናቷ ደረት ላይ ለጥፋ በጋቢ ጠቀለለቻት፤ ምን ያደርጋል፣ እናቲቱም ትንቀጠቀጣለች። ደም ስለፈሰሳት ከአልጋ አትወርድም። በዚያች ጠባብ ቤት እሳት ቢነድ ደግሞ ጭሱ ያፍናቸዋል።

ይርገዱ ቧንቧውን ዳሰሰችው።

«ሙቅልኝ እንጂ! ሕፃኗ አልጠባ አለች!»

ቧንቧው አልሞቅ አለ። በውስጡ ያለው ፈሳሽ አርጅቶ፣ በሌሊቱ ውርጭ እንደ ተልባ ተዝለግልጓል። መቀየር የነበረበት ብርዱ ሳይገባ ነው። ዛሬ ነገ እያለች ያቆየችው ራሷ ይርገዱ ናት።

ወደ ሹፌሩ ወደ ሽመክት ሮጠች።

«ሽመክት፣ ሕፃኗ አልጠባ አለች፣ ቧንቧው አልሞቅ አለ! ያንን የመኪናህን አረንጓዴ አንቲፍሪዝ ስጠኝ!»

«አልሰጥም ሲስተር።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ይሄ የሞተር ነዋ! መርዝ ነው። የእርስዎ ቧንቧ ደግሞ መገጣጠሚያው ላይ ያፈሳል። አራስ ቤት ጠብ ጠብ ሲል ሊያዩ ነው? ለቤት የሚሆነው ያ ሮዙ ነው። አምጥቼልዎ አልነበር? የት አደረጉት?»

ይርገዱ አፏን በእጇ ያዘች። ሮዙ ያለው በቢጫ ጀሪካን ነበር። በቀደም ሰፈሩ ለቅሶ ሲቀመጥ፣ ለውኃ መቅጃ ጀሪካን አውሺን ቢሏት «ከደጅ ያለውን ሁሉ ውሰዱ» ብላ ሳታይ ሰጠች። ለቅሶው ሲያበቃ፣ ቢጫ ጀሪካን ሁሉ የእድር ነው ተባለና ባዶውም ሙሉውም ተሰብስቦ የእድሩ ዕቃ ቤት ተቆለፈበት።

«በሉ ይሩጡ» አላት ሽመክት፣ እጅጌውን እየሰበሰበ። «እኔ አሮጌውን አፍስሼ ቧንቧውን ልጠበው። ፀሐይዋ እየሄደች ነው።»

ሮጠች። የእድሩን ቤት በር በትከሻዋ ገፋችው።

«ተከፈትልኝ! ሕፃኗ አልጠባ አለች፣ ቧንቧው አልሞቅ አለ፣ ሽመክት አረንጓዴውን አልሰጥ አለ!»

በሩ አልከፈት አለ። ቁልፉ ያለው እትዬ ደብሪቱ አንገት ላይ ነው።

እትዬ ደብሪቱ ደጃፋቸው ላይ ሱፍ ይፈትላሉ።

«እትዬ፣ ቁልፉን! ሕፃኗ አልጠባ አለች፣ ቧንቧው አልሞቅ አለ፣ ሽመክት አረንጓዴውን አልሰጥ አለ፣ በሩ አልከፈት አለ!»

«ውይ፣ በሞትኩት! ግን አልሰጥም።»

«እትዬ!»

«ለሠርግ ድስት ብዬ ከፍቼ የተቀጣሁት አንሶኝ? ዳኛው ይፍቀዱና ቁልፉን ከነአንገቴ ውሰጂው!»

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወንድይራድ አውድማ ላይ ገብስ ያዘራሉ። ይርገዱ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«ጋሼ! ሕፃኗ አልጠባ አለች፣ ቧንቧው አልሞቅ አለ፣ ሽመክት አረንጓዴውን አልሰጥ አለ፣ በሩ አልከፈት አለ፣ እትዬ ደብሪቱ ቁልፉን አልሰጥ አሉ! እባክዎ አንድ ቃል ይስጡኝ!»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ተንፍሺ። ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያው አይከፈትም። ያ ቤት የሚከፈተው ለለቅሶ ብቻ ነው። ዛሬ ላንቺ ብከፍት ነገ ድንኳኑ የሰው መጋረጃ፣ ብረት ድስቱ የበግ መመገቢያ ይሆናል። ሕጉን እኔ አላወጣሁት፣ ልጄ።»

ፀሐይዋ ከጋራው ጫፍ ደርሳለች። ብርዱ ከመሬት መነሣት ጀምሯል። ይርገዱ ምላሷ ላይ የመጣውን ነገር ልትውጠው ሞከረች። አዋላጅ እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ አታወጣም። ግን አልዋጥ አላት።

«እሺ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «ነገ ጠዋት ተመልሼ መጥቼ ለእነ ፋንቴ ይክፈቱ ብልዎ፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ይከፍቱልኛል። እኔ የምፈራው እሱን ነው።»

ጋሽ ወንድይራድ መንሹ ከእጃቸው ወደቀ።

«ምን አፍ ነው! በስመ አብ! ዝም በይ!» ጋቢያቸውን እንኳ ሳያነሡ ቁልቁል እየሮጡ ተጣሩ። «ደብሪቱ! አንቺ ደብሪቱ! ክፈቺ! ለቅሶ እንዳይመጣም ይከፈታል!»

ዳኛው ቃል ቢሰጡ እትዬ ደብሪቱ ቁልፉን ሰጡ፤ ቁልፉ ቢመጣ በሩ ተከፈተ፤ በሩ ቢከፈት ከድንኳኑ ሥር ጀሪካኑ ተገኘ፤ ጀሪካኑ ቢገኝ ሽመክት አረንጓዴውን ወዲያ ትቶ ሮዙን ሞላ፤ ሮዙ ቢሞላ ቧንቧው ጉርጉር አለ፣ አየሩን ተፋ፣ ሞቀ።

«ባዶ ጀሪካኑን ግን መልሱ!» አሉ ጋሽ ወንድይራድ ከደጅ። «የእድር ነው!»

ቧንቧው ሞቀ፤ ሕፃኗ ግን አሁንም አልጠባ አለች። ይርገዱ እነዚያን ትንንሽ እግሮች በመዳፏ ውስጥ ይዛ ተቀመጠች። እግሮቹ ቀስ እያሉ ለብ አሉ። አንደኛው ተወራጨ።

ፋንቴ ዓይኗን ገለጠች።

«ሲስተር» አለች፣ «ያዘችኝ።»

ሕፃኗ ጠገበች፤ የኔም ወሬ አለቀ።