ጉም የዋጣት ኳስ

በአንድ ወቅት፣ እግር ኳስ ገና ለጋ ሳለች፣ የግብ ቋሚዎችም መረብ ሳይኖራቸው፣ በእንግሊዝ አገር ሚስተር ሃርግሪቭ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው ያለ ክፍያ፣ ለፍቅር ብቻ ተጫውተዋል። ጉልበታቸው ሲከዳቸው ደግሞ የጨዋታውን ማኅበር አቋቁመው መሩ። ሚስትም ልጅም የላቸውም፤ ያላቸው ይኸው ጨዋታ ነው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ወንበራቸውን የሚረከብ ደህና ሰው ካልተገኘ የለፉበት ሁሉ ሜዳ ላይ መቅረቱ ነው።

በዋንጫው ፍጻሜ ቀን ራሳቸው ዳኛ ሆነው ገቡ። ከወንዙ ጉም ተነሥቶ ሜዳውን ቀስ በቀስ ሸፈነው። ተጫዋቾቹ ብቅ እያሉ ይጠፋሉ፤ ድምፃቸው ብቻ ከሩቅ ይሰማል። ሽማግሌው በሕልማቸው የሚራመዱ መሰላቸው፤ ደስም አላቸው። ጨዋታው ያለ ግብ ሊያልቅ ሲል ኤድጋር የሚባል አጥቂ ኳሷን ወደ ግብ ለጋት። ጉም ውስጥ ገብታ ጠፋች።

ሃርግሪቭ ያዩት ነጭ ነገር ብቻ ነው። «ገባች?» ብለው ጠየቁ።

ኤድጋር አዎ ቢል ዋንጫው የቡድኑ ነው። «የለም ጌታዬ፣ በውጭ በኩል አለፈች» አለ። ጓደኞቹ ሊበሉት ደረሱ።

የተቃራኒው ቡድን ግብ ጠባቂ ዊልፍሬድ ዝም ቢል በተረፈ ነበር። እሱ ግን «ገብታለች ጌታዬ፤ በእጄ ሥር ነው የሾለከችው» አለ። እንግዲህ ጉድ በሉ፤ አግቢው አላገባሁም ይላል፣ ጠባቂው ገብቶብኛል ይላል።

ቋሚው አጠገብ የቆመው የዊልፍሬድ ቡድን ተከላካይ ክሌመንት ነበር። ሽማግሌው ወደ እሱ ዞሩ።

«አንተስ?»

«በደንብ አይቻለሁ፤ ግን አልናገርም።»

«ለምን?»

«ከሁለቱ አንዱ ውሸታም ይባላላ። ሁለቱም አልዋሹም ጌታዬ።» ይህን ብሎ ኳሷን ከጉሙ ውስጥ አምጥቶ መሀል ሜዳ ላይ አስቀመጣት። «እንደ አዲስ እንጫወት።»

ሽማግሌው ፈቀዱ፤ ተጫወቱ። ዋንጫውን የወሰደው የክሌመንትና የዊልፍሬድ ቡድን ሆነ።

ሁሉም ሲበተን ሃርግሪቭ ሜዳው ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ሦስቱንም ወደዷቸው፤ ሦስቱንም ፈሯቸው። አንዱ እጁ ሊገባ የነበረውን ዋንጫ አሳልፎ ሰጠ። አንዱ በራሱ ላይ መሰከረ። ከሁለቱ ግን የአንዱ ዓይን ተሳስቷል። ሦስተኛው እውነቱን አይቶ ለሰው ክብር ሲል ዋጠው፤ በዚያው ዝምታ ግን ቡድኑ አተረፈ። ወንበሩ አንድ ነው፤ የሽማግሌውም ዕድሜ እየመሸ ነው።

እስቲ ፍረዱ፤ ከሦስቱ ወንበሩ የሚገባው ለማን ነው?