ማንም ያልነካው ፕሮግራም

በሃያ ሁለት ዓመቴ በአንድ ጤና ጣቢያ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ በኮንትራት እሠራ ነበር። ሁለት እህቶቼ የሚኖሩት በእኔ ደመወዝ ስለነበር ብዙ አልናገርም ነበር።

ከተሾመ ሦስት ወር የሆነው ኃላፊያችን አቶ ደረበ "በእኔ ዘመን አሮጌ ነገር አላይም" ብሎ፣ የበሽተኞች ካርድ የምናወጣበት ፕሮግራም ተደግፎ የሚሠራበትን ሌላ ፕሮግራም በአዲስ አስቀየረ። በማግስቱ የካርድ ክፍሉ ሥራ አቆመ። በሽተኛው ተሰልፎ ሲያጉረመርም፣ አቶ ደረበ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ አፋጠጠኝ።

"ፕሮግራምህን ማን ነካው?"

"ማንም አልነካውም፣ ጌታዬ።"

"ማንም ያልነካው ነገር እንዴት ይበላሻል? በል፣ ዘበኛው እንኳ እንዲገባው አድርገህ አስረዳ። አለዚያ ቁልፍህን አስረክብ!"

"እኛንም ማንም አልነካንም፣ ጌታዬ" አልኩት። "ያው ሠራተኞች፣ እዚያው ወንበራችን ላይ ነን። የተቀየረው የምንደገፍበት ኃላፊ ብቻ ነው። ይኸው ሦስት ወራችን፣ አንድ ሥራ ወደፊት አልሄደልንም።"

"ገባኝ!" አለ ዘበኛው ከበሩ።

የአቶ ደረበ ፊት ጠቆረ። "መፍትሔውስ?"

"የቀድሞውን መመለስ ነው። የፕሮግራሙን እኔ አሁኑኑ እመልሳለሁ። የእርስዎን ግን የሾመዎት ይወቅበት።"