ውሻና ባለክሩ መርፌ

ተረት ተረት፣ የጆሮ እራት።

ሰው የማያምን አንድ ውሻ ነበረ። አንድ ቀን ቁራጭ ሥጋ መሬት ላይ አገኘ። የቤቱ እመቤት ጆንያ ስትሰፋ የጣለችው መርፌ ከነክሩ ተሰክቶበታል። ውሻው ሳይቀሙኝ ብሎ፣ ሳያላምጥ ዋጠው። የክሩ ጫፍ ግን ከአፉ ዳር ተንጠለጠለ።

ድመት አይታ፣ «አያ ውሻ፣ መርፌ ውጠሃል። አፍህን ክፈትና በክሩ ልሳበው» አለችው።

ክሩ ጅማት የመሰለው ውሻ ጎሪጥ አያትና፣ «ይቺን ጅማት እንኳ ልትቀሚኝ?» ብሎ እሱንም ሰለቀጠው።

ሊተኛ ጋደም ሲል ጎኑን ወጋው። ብድግ ብሎ ዞረ፤ ማንም የለም። ደግሞ ጋደም አለ፤ ደግሞ ወጋው። «ይቺ ድመት ናት» አለና እየተሽከረከረ ይፈልጋት ጀመር።

ይኸው ዛሬም ውሻ ከመተኛቱ በፊት ዞር ዞር ብሎ ኋላውን ያያል።

ተረቴን ጨረስኩ፣ ክሬን በጠስኩ።